ባሕር ዳር ላይ የምትኖር ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና፦ ሲል፣ ዚከር፣ ታይካን፣ ሞዴል 3 ወይስ አዮኒክ 5 ኤን?

#1 የሽንብጥ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ከ0 እስከ 100 በ4 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የምትገባ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት እያማረጥኩ ነው። ውሎዋ ባሕር ዳር ነው፤ በወር አንዴ ጎንደር ደርሳ ትመለሳለች፣ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ግቢ ውስጥ ያለው ባለ አንድ ፌዝ ካርድ ቆጣሪ ነው። ከበሩ እስከ አስፋልቱ 400 ሜትር ያህል ኮብልስቶን አለ፣ መሃሉ ላይ ሁለት ሹል ጉብታ።

አማራጮቼ፦ ባለ ሁለት ሞተሩ ቢዋይዲ ሲል፣ ዚከር 001፣ ያገለገለ ፖርሽ ታይካን 4ኤስ፣ ቴስላ ሞዴል 3 ፐርፎርማንስ እና ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን። ወረቀት ላይ ያለውን ፍጥነት አይቻለሁ። የምጠይቀው እዚህ ከተማ ላይ የትኛዋ ትከርማለች ነው።

#2 ደጀን ቁልቁለት

ጥያቄውን በትክክለኛው ጫፍ ይዘኸዋል። አምስቱም ከበቂ በላይ ፈጣን ናቸው። ሲል 390 ኪሎዋት አላት፣ በ3.8 ሰከንድ 100 ትገባለች። አዮኒክ 5 ኤን ጉልበት መጨመሪያው ሲጫን 478 ኪሎዋት ይደርሳል፣ 3.4 ሰከንድ። በ3.4 እና በ3.8 መካከል ያለችውን ልዩነት ከፓፒረስ እስከ ፔዳ ባለው መንገድ ላይ የትም አታገኛትም። የምታገኘው የቻርጅ ሶኬቱን ዓይነት (የቻይናው ጂቢቲ ወይስ የአውሮፓው ሲሲኤስ2)፣ የሆዷን ከፍታና የጎማዋን ቁጥር ነው። መምረጫህ እነዚህ ሦስቱ ይሁኑ፣ ጉልበት አራተኛ ይምጣ።

ከባትሪው ልጀምር። ሲል የምትይዘው 82.5 ኪሎዋት ሰዓት ኤልኤፍፒ (የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ) ነው። ኤልኤፍፒ ሙቀት ይችላል፣ 100 ሲሞላም እንደ ኤንኤምሲ (ኒኬል ያለበት ባትሪ) አይጎዳም፤ እንዲያውም በሳምንት አንዴ እስከ 100 ካልሞላ የመቶኛ ቆጠራው ይዛባል። ምክንያቱም የኤልኤፍፒ ሴል ቮልቴጅ ከ20 እስከ 90 ከመቶ ድረስ ጠፍጣፋ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ልኩን የሚያውቀው ጫፍ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ሞልቶ የማያውቅ ኤልኤፍፒ «18 ከመቶ» ብሎ እያሳየ ድንገት ወደ 6 ሊወርድ ይችላል፤ ይህ ከዱርቤቴ ወዲህ በጨለማ ቢያጋጥም ምን ማለት እንደሆነ አስበው። ታይካንና አዮኒክ 5 ኤን በኒኬል ቤተሰብ ባትሪ ነው የሚሄዱት፤ ለዕለት ውሎ 80 ላይ ማቆም፣ 100 መሙላት መንገድ በሚጀመርበት ጠዋት ብቻ።

#3 ትራንዚት ሞጆ

ስለ አገባቡ ልጨምር። ነዳጅ የሚያቃጥሉ የቤት መኪኖች ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ኤሌክትሪኮች ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው መመሪያ የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 ከመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚመጣ 5 ከመቶ ቀረጥ አስቀምጦ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚመጣው ዜሮ ነበር። መመሪያ ይሻሻላል፤ ገንዘብ ከማስተላለፍህ በፊት ትራንዚተሩ የዕለቱን ስሌት በጽሑፍ ይስጥህ። ቀረጡ የሚሰላው በደረሰኝህ ላይ ብቻ ነው ብለህም አትቁረጥ፤ ጉምሩክ በእጁ ያለውን የዋጋ መረጃ ሊይዝ ይችላል።

ወረቀት ስትቀበል የሻንሲ ቁጥሩን ሦስት ቦታ አመሳክር፦ ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ሰነዱ) ላይ፣ የፊት መስታወቱ ሥር እና የበሩ ምሰሶ ላይ። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ባለ ሁለት ሞተር መኪና ሁለት የሞተር ቁጥር አለው። ዲክላራሲዮኑ ላይ አንዱ ብቻ ተጽፎ ከመጣ ሊብሬ ሲወጣ ጥያቄ ይነሳል፤ ሁለቱም መጻፋቸውን ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ሳለች አረጋግጥ።

ስለ ሶፍትዌሩ፦ የቻይና ገበያ መኪና በቻይና ስልክ ቁጥር ከተከፈተ አካውንት ጋር ይታሰራል። ሻጩ አካውንቱን ሳይፈታ ካስረከበህ በስልክ መክፈትም፣ ቻርጅን በሰዓት ማዘዝም አትችልም። ከመክፈልህ በፊት አካውንቱ ሲፈታ በዓይንህ እይ። «ዋስትና አላት» ሲባልም የማን ዋስትና ነው ብለህ ጠይቅ። በሦስተኛ ወገን የመጣች መኪና የፋብሪካው ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ ከተሸጠችበት አገር ጋር ይቀራል፤ የሚሠራው አስመጪው ፈርሞ የሚሰጥህ ብቻ ነው።

#4 የሽንብጥ ልጅ

አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። የሶኬቱ ነገር አልገባኝም። ጂቢቲና ሲሲኤስ2 የሚባሉት ለእኔ ቤት ምን ለውጥ አላቸው?

#5 ፌዝና ኒውትራል

ቤትህ ላይ ያለው ለውጥ ትንሽ ነው፣ መንገድ ላይ ያለው ትልቅ። የቻይናዋ መኪና ሁለት ጉድጓድ አላት፤ አንዱ ለቀስታው፣ አንዱ ለፈጣኑ ቻርጅ፣ ሁለቱም ጂቢቲ። የአውሮፓዋ አንድ ጉድጓድ ናት፣ ሲሲኤስ2። ለቀስታው የሚሆን መቀየሪያ ሽቦ ከሽቦ ማገናኘት ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው። ለፈጣኑ የሚሆነው ግን ውስጡ ኮምፒውተር አለው፤ ሁለቱ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ስለሚለያይ እሱ ያስተረጉማል። ሶፍትዌሩ ካረጀ ወይም የውስጥ ባትሪው ከሞተ ሶኬቱ ገብቶ ምንም አይጀምርም። መንገድህ ላይ ያለው ጣቢያ የትኛውን እንደሚሰጥ ሳታውቅ መኪና አትምረጥ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው፦ «ስሪ ፌዝ ላስገባ» ይላል፣ የቻይናዋ መኪና የውስጥ ቻርጀር ግን ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ ፌዝ 7 ኪሎዋት ነው። ለእሷ ስሪ ፌዝ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው። የአውሮፓዎቹ ግን በ380 ቮልት፣ በየፌዙ 16 አምፔር ይዘው ወደ 10.5 ኪሎዋት ይስባሉ።

አሁን ወደ ግቢህ። 32 አምፔር በ220 ቮልት 7 ኪሎዋት ነው፤ ይህን ለስድስት ሰዓት ያለ እረፍት የሚስብ ሌላ ዕቃ ቤትህ ውስጥ የለም። ምጣዱ እንኳ ይበርዳል ይሞቃል፣ መኪናው ግን አይተነፍስም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ መብራት ኃይል ዲስትሪክቱ ሂድና ቆጣሪህ ስንት አምፔር እንደሚችል፣ ከምሰሶው ወደ ቤትህ የተዘረጋው ሽቦም ስንት እንደሚሸከም አስጠይቅ። ከቆጣሪው እስከ መኪናዋ ማቆሚያ ራሱን የቻለ መስመር ይዘርጋ፦ እስከ 20 ሜትር ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ፣ ከዚያ ካለፈ ባለ 10። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይህ። 35 ሜትር ርቀት ላይ 32 አምፔር በባለ 6 ሽቦ ሲሄድ 6.5 ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል፤ በባለ 10 ከ4 በታች ነው። ምሽት ላይ ቮልቴጁ ራሱ 195 ሆኖ ከመጣ ያቺ 6 ቮልት ቻርጀሩን የምታስቆመው እሷ ትሆናለች። አሉሚኒየም ሽቦ አይግባ፤ መያዣው ብሎን ሥር እየላላ ይሞቃል።

ብሬከሩ 40 አምፔር። ከሥሩ 30 ሚሊአምፔር የፍሳሽ መቁረጫ ይኑር፣ ዓይነቱ «ኤ» ሆኖ ቻርጀሩ የ6 ሚሊአምፔር ዲሲ ፍሳሽ መለያ ካለው ይበቃል፤ ከሌለው ዓይነት «ቢ» ያስፈልጋል። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ዓይነት «ኤሲ» ዲሲ ሲገባበት ይደነዝዛል፣ ሰው ሲያዝም ላይቆርጥ ይችላል። እዚህ ላይ አትቆጥብ።

ግራውንድ። ከሁሉም በላይ ባሕር ዳር ላይ የሚያስቸግረው ይህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግራውንድ ካላገኘ አይሞላም፣ መሙላትም የለበትም። በሐይቁ ዳር ያለው ሰፈር ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ረጥቦ ጥሩ መሬት ይሆናል፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሲሰነጠቅ ከዘንጉ ይለያል። ሐምሌ ላይ ተለክቶ «ጥሩ ነው» የተባለ ግራውንድ ፋሲካ ላይ መኪናውን እምቢ ያሰኛል። 2.4 ሜትር የሆነ መዳብ የተለበጠ ዘንግ ሁለት፣ በመካከላቸው ቢያንስ 3 ሜትር፣ በባለ 16 ሽቦ ተያይዘው፤ ልኬቱ ከ10 ኦም በታች እስኪሆን ሦስተኛ ይጨመር። የሚለካው በበጋ ይሁን። ጠጠር ንጣፍ ወይም ጥቁር ድንጋይ ላይ ያለ ግቢ ከሆነ ዘንግ አይገባም፤ ቦይ ቆፍሮ ባዶ መዳብ ጠለቅ አድርጎ መቅበር ነው።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የመጀመሪያው ደቂቃ አደገኛ ነው። የሰፈሩ ማቀዝቀዣና ምጣድ ሁሉ አንድ ላይ ስለሚነሳ ቮልቴጁ ይወርዳል ይወጣል። ከ185 በታችና ከ250 በላይ የሚቆርጥ፣ ሲመለስም 5 ደቂቃ የሚያቆይ የቮልቴጅ ጠባቂ ከብሬከሩ ጎን ይግባ። ከሰኔ እስከ መስከረም መብረቅ የሚበዛበት አገር ነው፤ ዓይነት 2 የመብረቅ ሞገድ ማሳለፊያም አብሮ። ስታብላይዘር አልመክርም፤ የመኪናው ቻርጀር ራሱ ሰፊ ቮልቴጅ ይቀበላል፣ ባለ ሞተሩ ስታብላይዘር ደግሞ ከለውጡ ኋላ እየተከተለ ነው የሚያስተካክለው።

#6 ሰባታሚት

እህቴ፣ ጥሩ አድርገሽ አስረዳሽ። አንድ ነገር ንገሪኝ፤ መብራት ሲጠፋ ከቤት ጄኔሬተር መሙላት ይቻላል?

#7 ፌዝና ኒውትራል

ይቻላል፣ በ10 አምፔር ብቻ። ትንንሾቹ ጄኔሬተሮች ኒውትራላቸው ከግራውንድ ጋር ስላልተያያዘ መኪናው «ግራውንድ የለም» ብሎ ይቆማል። ማያያዣው የሚሠራው ጄኔሬተሩ ከቤቱ መስመር ሙሉ በሙሉ ሲለያይ ነው፤ ይህን ባለሙያ ይሥራው፤ በስህተት ከቆጣሪው ጋር ከተገናኘ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ይገድላል። 10 አምፔር በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም፣ 12 ኪ.ሜ. ያህል ማለት ነው። ለድንገተኛ እንጂ ለልማድ አይሆንም።

#8 ቸርኬ

ጎማና ሆድ ላይ ልናገር፤ በዚህ ከተማ ፈጣን መኪና የምትሞተው እዚያ ነውና።

ሲል ከመሬት 120 ሚ.ሜ. ናት። ታይካን 127 አካባቢ። አራት ሰውና ሻንጣ ሲገባ ሁለት ሦስት ሳንቲም ሜትር ይወርዳሉ። የሲል የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2.92 ሜትር ነው፤ ረጅም ሆድ ስለሆነ ጉብታውን የፊት ጎማ አልፎ የኋላው ሳይደርስ መሃሉ ይቀመጣል። እዚያ መሃል ያለው ደግሞ ባትሪው ነው። የጉብታህን ቁመት በገመድና በሜትር ለካ፦ ጉብታው በሁለት በኩል 1.46 ሜትር ርቀት ላይ ሁለት እኩል ድንጋይ አስቀምጥ፣ ገመድ ወጥር፣ ከገመዱ እስከ ጉብታው አናት ያለውን ከድንጋዩ ቁመት ቀንስ። ውጤቱ ከ90 ሚ.ሜ. ከበለጠ ሲል በሙሉ ጭነት ትነካለች። ለመኪናው ብለህ ሰፈሩን ጠይቀህ ጉብታውን ማስተካከል ከባትሪ ይረክሳል።

ዚከር 001 በአየር የሚነሳ አሞርዛተር ያለው ዓይነት አለ፣ ለዚህ ችግር መልስ ነው። ይሁንና ወንድሜ፣ የአየር ከረጢቱ ጎማ ነው፤ ሲያረጅ ያፈስና ጠዋት መኪናዋ በአንድ ጎን ተኝታ ትገኛለች። ስታፈስ ኮምፕረሰሩ ሳያቋርጥ ስለሚነሳ እሱም ተከትሎ ይቃጠላል። ሁለት ትርፍ ከረጢትና አንድ ትርፍ ኮምፕረሰር አብረው ካልመጡ አትግዛ እላለሁ።

የጎማ ቁጥር። አዮኒክ 5 ኤን 275/35 በ21 ነው። የሲል 235/45 በ19። ይህ 35 የሚለው የጎማው ጎን ከስፋቱ 35 ከመቶ ነው ማለት ነው፤ 9.6 ሳንቲም ሜትር ገደማ ጎማ ብቻ ነው ቸርኬህን ከጉድጓድ የሚለየው። የሲል ከ10.5 በላይ አለው። አንድ ሳንቲም ሜትር ትንሽ ትመስላለች፣ ክረምት ላይ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ በ50 ስትገባ ግን የተቀደደና ያልተቀደደ ጎማ ልዩነት ናት። ጎማ ስትገዛ የክብደት ቁጥሩን እይ። እነዚህ መኪኖች አብዛኞቹ ከ2 ቶን በላይ ስለሆኑ ጎኑ ላይ «ኤክስኤል» የሚል ምልክት ያስፈልጋቸዋል፤ ለቀላል መኪና የተሠራ ተመሳሳይ ቁጥር ጎማ ጎኑ ያብጣል። አብዛኞቹ ትርፍ ጎማ የላቸውም። ከመኪናዋ ጋር ሁለት ጎማ አስመጣ፣ ኮፈኑ ሥርም መንፊያና የክር መድፈኛ ይቀመጥ። ውስጡ የድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ ያለው ጎማ ሲቀደድ ጎሚስታው ስፖንጁን ቀዳዳው ዙሪያ ቆርጦ ማንሳት አለበት፣ አለዚያ መለጠፊያው አይይዝም።

ጎሚስታ ቤት ስትገባ ክሪኩ የት እንደሚገባ አንተ አሳይ። በየጎማው አጠገብ ምልክት ያለበት አራት ቦታ ብቻ ነው። መሃል ላይ የገባ ክሪክ የባትሪውን ሽፋን ያጎብጣል፣ የማቀዝቀዣ ሳህኑ ይሰነጠቃል፣ ኩላንት ወደ ሴሎቹ ይገባል። ይህ ጥገና የለውም፤ ባትሪ መቀየር ነው።

#9 ጣና ዳር

በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ግን ታይካንን ሳትሰሙ አትፍረዱባት። ከእነዚህ ሁሉ ተደጋጋሚ ጉልበት ላይ የምትጸናው እሷ ናት። አንዴ 3.8 ሰከንድ መሮጥ ለሁሉም ቀላል ነው፤ አሥር ጊዜ ተከታትሎ ሳይሞቅ መሮጥ ግን የ800 ቮልት ሥርዓትና የኋላ ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮ ያላት መኪና ሥራ ነው። ስፖርት መኪና የሚለው ስም የሚገባት ለእሷ ነው። የአየር አሞርዛተር ያላት ደግሞ 20 ሚ.ሜ. ትነሳለች፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ሞዴል ወዲህ ባሉትም ቦታውን አስታውሳ እዚያ ጉብታ ጋ ስትደርስ ራሷ ትነሳለች።

#10 ደጀን ቁልቁለት

በመንዳት ረገድ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ግን ያገለገለ ታይካን የሚገዛ ሰው አንድ አማራጭ ዕቃ መኖሩን ማየት አለበት። ታይካን 270 ኪሎዋት የምትቀበለው 800 ቮልት በሚሰጥ ጣቢያ ነው። በ400 ቮልት ጣቢያ ላይ፣ ከመሻሻሏ በፊት የተሠራችው፣ መደበኛው 50 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ 150 የሚያደርገው ተጨማሪ ተከፍሎበት የተገጠመ ዕቃ ነው። የመኪናዋን የግንባታ ዝርዝር በሻንሲ ቁጥሯ አስወጥተህ ይህ ዕቃ ከሌለ ሌላ ፈልግ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፖርሽ ለታይካን የፊት ፍሬን ቱቦ የእርማት ጥሪ አውጥቷል። ቱቦዎቹ መቀየራቸውን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ወደ ዓባይ ሸለቆ አትወርድባትም።

ሸለቆውን ካነሳን፣ የመንገዱን ስሌት ልስጥህ፤ በሲል ነው የማሰላው።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ እንጅባራ 2,560 ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ 2,450 አካባቢ። እስከ ማርቆስ 265 ኪ.ሜ. ያህል ነው። በ90 ከነዳህ በ100 ኪ.ሜ. 16 ኪሎዋት ሰዓት ያዝ፤ 42 ይሆናል፣ ለከፍታው 4 ጨምር፣ 46። ማርቆስ ስትደርስ 36 ይቀርሃል። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪ.ሜ. ገደማ፣ 48፣ ለሸለቆውና ለእንጦጦ 6 ጨምር፣ 54። መጠባበቂያ 8 ስትይዝ ማርቆስ ላይ 26 ኪሎዋት ሰዓት መሙላት አለብህ። በ7 ኪሎዋት ከ4 ሰዓት በላይ፣ በተራ ሶኬት በ10 አምፔር 13 ሰዓት፤ ማለትም ማደር ነው። 120 ብትነዳ ሁሉም ይበላሻል፤ የአየር ግፊት የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ነው፣ ከ90 ወደ 120 ስትወጣ ብቻ በ1.8 እጥፍ ያድጋል። ጎንደር ግን አያስጨንቅህም፤ ደርሶ መልስ 56 አካባቢ ስለሆነ ሳትሞላ ትመለሳለች።

ዓባይ በረሃ። ከጎሃጽዮን እስከ ድልድዩ 1,400 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ከድልድዩ እስከ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣል። 2,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና ለዚያ መውጣት ብቻ 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ሲወርድ ከ9ኙ 5 ተኩል ያህሉን ይመልሳል። የሚመልሰው ግን ባትሪው ቦታ ካለው ነው። ጎሃጽዮን ወይም ደጀን አድሮ 100 ሞልቶ ቁልቁል የሚገባ ሰው መኪናው መመለሻውን ይዘጋበታል፤ ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ፍሬን ሸራ ይሄዳል። ፔዳሉ እየለሰለሰ መሬት ሲነካ ነው የሚያውቀው። 80 ከመቶ ላይ ሆነህ ውረድ።

#11 ሰባታሚት

ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ስለሆነች ጉልበት ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ለኤሌክትሪክም እውነት ነው?

#12 ደጀን ቁልቁለት

ሞተሩ አየር አይተነፍስምና ጉልበቱ አይነካም። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለል 20 ከመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ የነዳጅ ሞተር ያለ ተርቦ የሚያጣው ያንኑ ያህል ነው፣ ኤሌክትሪኩ ምንም አያጣም። እንዲያውም የሚገፋው አየር ስለሚሳሳ ረጅም መንገድ ላይ ትንሽ ያተርፋል። የሚጎዳው በማቀዝቀዝ በኩል ነው። ራዲያተሩ የሚያገኘው አየር ቀጭን ስለሆነ ሚያዝያ ላይ በ30 ዲግሪ ተደጋጋሚ ሩጫ ሞተሩን ቶሎ ያሞቀዋል፣ ኮምፒውተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ባትሪው ከ20 በታች ሲወርድም እንዲሁ፤ 3.8 ሰከንዱ የሞላ ባትሪ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር አደራ። ይህች የብስክሌት ከተማ ናት። ብስክሌተኛው የሚጠነቀቀው በጆሮው ነው፣ ይህች መኪና ደግሞ አትሰማም። በቀስታ ስትሄድ የምታሰማው የማስጠንቀቂያ ድምፅ የሚጠፋበት ቁልፍ ካላት አታጥፋው። በ100 እየሄድክ ፍሬን ለመያዝ አንድ ሰከንድ ብትዘገይ 28 ሜትር ሄደሃል፣ ፍሬኑ ይዞ እስኪያቆምህ ሌላ 40 ሜትር ገደማ። በ380 ሜትሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ መንገዱ ክፍት ሲመስልህ እግርህን አታሳርፍ፤ ጫፉ ላይ ባጃጅ ታጥፋለች።

#13 ቸርኬ

የፍተሻውን ነገር ማንም አላነሳም። ያገለገለች ከሆነች ቢያንስ ግማሽ ቀን ጠይቅ።

ባትሪው 60 ከመቶ አካባቢ ሆኖ ጀምር። በመሪው ሥር ባለው ሶኬት የስልክ ማንበቢያ ሰክተህ የባትሪውን ጤንነት፣ የትልቁንና የትንሹን ሴል ቮልቴጅ አንብብ። ኤንኤምሲ ከሆነ፣ ቆማ ሳለች በሁለቱ መካከል ከ30 ሚሊቮልት በላይ ካለ ተጠራጠር። ኤልኤፍፒ ከሆነ ግን በ60 ከመቶ ላይ የምታየው አይረባም፤ ቮልቴጁ ጠፍጣፋ ስለሆነ የታመመውም ሴል ጤነኛ ይመስላል። ኤልኤፍፒን የምትፈትነው ስትጎትት ነው፦ ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ሦስት ጊዜ አከታትለህ ሙሉ ጉልበት ስጣትና አንድ ሴል ከሌሎቹ ነጥሎ ሲወድቅ እይ። የወደቀው በሦስቱም ጊዜ ያው ቁጥር ከሆነ ደካማው ተገኝቷል።

ጆሮህን ለካምቢዮው ስጥ። ፔዳሉን ስትለቅ ብቻ የሚመጣ ፉጨት የማርሽ ጥርስ መበላት ምልክት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደ ጣቢያ ወስደህ ፈጣን ቻርጅ ላይ አሥር ደቂቃ አስገባት፤ ማራገቢያው ተነስቶ ጉልበቱ ከተረጋጋ ማቀዝቀዣው ይሠራል፣ ከፍ ብሎ ቶሎ ከወደቀ ኩላንቱ ወይም ፓምፑ ይታይ። ኩላንቱን ማንም በቧንቧ ውሃ እንዳልሞላው ጠይቅ። አንዳንዶቹ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ኩላንት ነው የሚፈልጉት፤ የቧንቧ ውሃ ሲገባ የኤሌክትሪክ መከላከያው (ኢንሱሌሽን) ልኬት ወርዶ መኪናዋ አልነሳም ትላለች።

ምንጣፉን አንሳ። የወንበሩ ሐዲድ ላይ ዝገት፣ የቀበቶው ጥቅል ሲወጣ ጭቃ ካለ በጎርፍ ያለፈች ናት፤ የቱንም ያህል ብትረክስ ተዋት። ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ወደብ ላይ ወራት ስለምትቆም ብዙ ጊዜ ደክማ ነው የምትመጣው። ቆማ ከ12.4 በታች ካሳየች ቀይራት፤ እሷ ስትሞት 82 ኪሎዋት ሰዓት ይዘህ በሩ እንኳ አይከፈትም።

የሐይቁ እርጥበት ደግሞ ዲስኩን ያዝጋል። እነዚህ መኪኖች በሞተር ስለሚያቆሙ ሸራው ዲስኩን ሳይነካ ሳምንት ይከርማል። በሳምንት አንዴ ማርሹን ነፃ አድርገህ ከ60 አምስት ስድስት ጊዜ በፍሬን ብቻ አቁም፣ ዝገቱ ይጠረጋል።

#14 የሽንብጥ ልጅ

ጉብታዎቹን እንዳልከው በገመድ ለካኋቸው፤ አንደኛው 85፣ ሁለተኛው 110 ሚ.ሜ. ሁለተኛውን ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ተነጋግረን ዝቅ ልናደርገው ተስማምተናል። ሞዴል 3ን ማንም ስላላነሳት ተውኳት፤ ታይካን በሶኬቷ፣ አዮኒክ 5 ኤን በጎማዋ ምክንያት ወጡ። ሲል እና ዚከር ቀርተዋል፣ ወደ ሲል አዘንብያለሁ። እህቴ ፌዝና ኒውትራል፣ ከቆጣሪው እስከ መኪና ማቆሚያው 16 ሜትር ነው። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ምጣዱ በርቶ ቮልቴጁ 198 ነበር። ስንት አምፔር ላይ ላስተካክለው?

#15 ቸርኬ

110 የነበረውን ጉብታ 80 አድርሱት። ጫፉን ከቆረጣችሁ በኋላ ሁለቱን ጎን በአስፋልት ወይም በኮንክሪት በ1 ሜትር ብታስረዝሙት ይሻላል፤ ብስክሌተኛውም ይወደዋል፣ መኪናም ቀስ ማለቱን አይተውም። ሞዴል 3ን በተመለከተ፦ ክፉ መኪና አይደለችም፤ ከሲል ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ክብደቷም ከ1.9 ቶን በታች ነው። እሷንም ብታይ አይከፋም፣ የሶኬቱን ዓይነት አረጋግጠህ።

#16 ፌዝና ኒውትራል

16 ሜትር ከሆነ ባለ 6 መዳብ ይበቃል፤ 3 ቮልት ነው የሚጠፋው። 198 ላይ ምጣድ በርቶ ሳለ 32 አምፔር አትጨምርበት፣ ከ185 በታች ያወርድህና ጠባቂው ይቆርጣል። ቻርጀሩን 20 አምፔር ላይ አስቀምጠው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ይሥራ። በዚያ ሰዓት ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ 7 ሰዓት በ4 ኪሎዋት ከተለመደው ብክነት በኋላ 25 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስገባልሃል፣ ከ150 ኪ.ሜ. በላይ። ለከተማ ውሎ ከሁለት ቀን በላይ ነው። አዲስ አበባ በምትሄድበት ዋዜማ ብቻ ማታ 3 ሰዓት ላይ አስጀምረው፣ ምጣዱ ጠፍቶ።

መጀመሪያ የምትሞላበት ምሽት ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ብሬከሩን፣ የቆጣሪውን ሽፋንና የሶኬቱን ጀርባ በእጅህ ጀርባ ንካ፣ ሽፋናቸውን ሳትከፍት። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅህን የሚያስነሳ ከሆነ አጥፋውና ብሎኖቹን ያሰረው ባለሙያ ተመልሶ ያጥብቃቸው፤ መዳብ ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ይላላል፣ ከአንድ ወር በኋላም እንደገና ያጥብቃቸው።